ዝናብ የሌለው ክረምት፦ እናት በጅቡቲ ከተማ የሙቀት ወራት

ዛሬ በዚህ ገጽ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወሰድ አድርገን ልንመልሳችሁ ነው። ከመካከላችሁ በዚያች ከተማ ያለፈ፣ የኖረ፣ ልጅም የወለደባት ብዙ ሰው አለ። እህቱ ወይም አክስቱ እስከ ዛሬ እዚያው ያለችውም ጥቂት አይደለም። እኛም የከተማዋን ክረምት ከእነልጆቻችን አሳልፈናል። ስለዚህ የምንጽፈው በወሬ የሰማነውን ብቻ ሳይሆን በላባችን ያወቅነውን ጭምር ነው።

አገር ቤት ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተጠበሰ በቆሎና ጋቢ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጅ እሳት ዳር ይሰበሰባል። ጅቡቲም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በነዚሁ ወራት ስለሆነ እኛ ሐበሾች በልማድ «ክረምት ገባ» እንላለን። የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቀን ቀን ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ሌሊትም ቢሆን ከ30 ብዙ አይወርድም። ከምዕራብ በኩል ኸምሲን የሚሉት ደረቅና አቧራ የጫነ ነፋስ ይነፍሳል። እሱ ጋብ ሲል ደግሞ የባሕሩ ወበቅ ይተካል። ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ግድግዳው ሲነኩት ያቃጥላል፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ በቀትር ለገላ አይሆንም።

ታዲያ በነዚህ ወራት ከማንም በላይ የምትሠራው ማን ናት? ልጆቹ ዕረፍት ላይ ናቸው። ባል ከሥራ መልስ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። እንግዳ የመጣው ዘመድ ሙቀቱ አዲስ ስለሆነበት ተዘርሮ ይውላል። እናት ግን ሥራዋ ከሌላው ወራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልንል የፈለግነው አንድ ነገር ነው፦ ሙቀቱን ማንም አያስቀረውም፤ የሙቀቱ ወራት ሥራ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

ቀኑ በሌሊት ይጀምራል

በጅቡቲ ከተማ በክረምት ቀን ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ የሚታሰብ አይደለም። በቁጥር በሚጠሩት የድሮ ሰፈሮችም ሆነ ባልባላ ብዙው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳውም ጭምር ቆርቆሮና ጣውላ የሆነ አለ። ፀሐይ ስትወጣበት እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ እንጀራ የምትጋግር እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ትነሳለች። ሊጡም እንደ ደጋው ሁለትና ሦስት ቀን አይጠብቅም። ማታ የተቦካው ንጋት ላይ ኩፍ ብሎ ይጠብቃታል፤ አንድ ቀን ካሳደረችው ሆምጥጦ ለልጅ አፍ አይሆንም። ስለዚህ በየማታው ጥቂት ጥቂት ማቡካት፣ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት መጋገር ነው።

ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገበያ ነው። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ ብዙው ከኢትዮጵያ በመኪና የሚገባ ስለሆነ ሙቀት መንገድ ላይ ይይዘዋል። ማልዶ የደረሰ ደህናውን ያገኛል፤ ያረፈደ የላሸቀውን ይወስዳል። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ደግሞ ለሁለት ቀን መግዛት ብሎ ነገር የለም። ሥጋም ሆነ ወተት የዛሬው ለዛሬ ነው። የምሳ ወጥ ለእራት ይቆይ ቢባል ሆድ ያበላሻል። እናት በቀን ሁለቴ ትሠራለች ማለት ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከተማው ጭር ይላል። ሱቅ ይዘጋል። በዚሁ ሰዓት ግድም ከኢትዮጵያ የሚጫነው ጫት ይገባና ወንዱ በየጥላው ለበርጫ ይቀመጣል። ጫቱን በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቸረችሩት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹም እናቶች ናቸው። ሌላው በተኛበት ሰዓት እነሱ እርጥብ ጆንያ ጫቱ ላይ እየጣሉ ገዢ ይጠብቃሉ። ልጆቻቸው ቤት ውስጥ ከአያት ጋር ናቸው፤ አያት ከሌለች ደግሞ ከታላቅ እህት ጋር።

ቤት የዋለችውም እናት ብትሆን በዚህ ሰዓት አታርፍም። ትልቅ ሰው ይተኛል፣ ትንሽ ልጅ ግን በሙቀት አይተኛም። ይነጫነጫል፣ ሽፍታው ያሳክከዋል፣ ውሃ ይላል። አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ ሌላው በሩን ከፍቶ ወደ ፀሐይ ይሮጣል። ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ከተማው ነፍስ የሚዘራው። ልጆች ኳስ ይዘው ይወጣሉ፣ ወደ ባሕሩ ዳር የሚሄድም አለ። እናቶች ሽቲያቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ሰሌን ያነጥፋሉ። ለእኛ በቀን ውስጥ ደስ የምትለው ሰዓት ያቺ ነበረች። አማርኛው፣ ሱማሊኛው፣ አፋርኛው፣ ዓረብኛው በአንድ ደጃፍ ላይ ይቀላቀላል። የአንዷን ልጅ ሌላዋ ታቅፋለች፣ የአንዷን ሻይ ሌላዋ ትቀዳለች።

ማታ አልጋና ፍራሽ ወደ ግቢ ወይም ወደ ሰገነት ይወጣል፣ አጎበር ይታሰራል። መብራት ካለ ቬንቲላተሩ ይዞራል። መብራት ከጠፋ ደግሞ እናት በካርቶን ቁራጭ እያራገበች ታነጋለች። ከዚያ 10 ሰዓት ይሆናል፣ ምጣዱ ይጣዳል።

ዘመድ ሸክም ነው ወይስ ክንድ?

ጅቡቲ ላይ ቤት ያለው ሐበሻ ቤቱ የሱ ብቻ አይደለም። ለሕክምና የመጡ አማት፣ ሥራ ፍለጋ የመጣ የአጎት ልጅ፣ ከጋላፊ መስመር መኪና ይዞ የገባ ወንድም፣ ወደ ማዶ ለመሻገር አስቦ «ለሁለት ቀን ብቻ አስተኙኝ» የሚል የሰፈር ልጅ፣ ከካምፕ ለጉዳይ የወጣች እህት፣ ሁሉም እዚያችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አራት ሰው የሚያድርባት ቤት ዘጠኝና አሥር ሰው ታሳድራለች። ባህላችን ነውና «አይሆንም» አይባልም። እንግዳ ሲበዛ ግን ውሃው ያልቃል፣ ሊጡ ይጨመራል፣ ልብሱ ይከመራል። ይሄ ሁሉ የሚያርፈው በእናቲቱ ላይ ነው።

አቅም ያለው ቤተሰብ ከሙቀቱ ይሸሻል። ልጆቹን ወደ አርታ ከፍታ ወይም ድንበር አሻግሮ ወደ ድሬዳዋ ይልካል። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ መንገድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ለብዙ ዘመን ክረምት ሲመጣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በዚያ ባቡር ይወጡ ነበር። አያት ድሬዳዋ፣ ልጅ ጅቡቲ የሆነ ቤተሰብ ስንቱ ነው! ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ሥራ ጀምሯል።

ስደተኛ እናት ግን እዚህ ላይ ትለያለች። የወጣችበትን አገር ፈርታ የወጣች ሴት «ልጆቼን ለክረምት እማማ ጋ ልላክ» ማለት አትችልም። ሐዲዱ ለሌላው መንገድ ነው፤ ለሷ ግን ድንበር ነው። አያቲቱ እዚያ ማዶ በነፋሻማው ግቢ ይቀመጣሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ በስልክ ይሰማሉ። ስለዚህ ስደተኛዋ እናት ክረምቱን የምታሳልፈው ባለችበት ነው፤ ዘመድ የምትለውም አጠገቧ ያለውን ሰው ነው።

የ2003 ክረምት

የጅቡቲ ሐበሻ የማይረሳው አንድ ክረምት አለ። በ2003 የጅቡቲ መንግሥት ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው የውጭ ዜጎች በሙሉ እስከ ነሐሴ ወር መጨረሻ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ፤ በኋላ ቀኑ እስከ መስከረም አጋማሽ ተራዘመ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሱማሌዎች፣ በዚያ ቃጠሎ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። መመለስ የማይችሉት በሺዎች ሆነው ወደ አውር አውሳ ሄደው ጥገኝነት እስኪወሰንላቸው ጠበቁ። ከነዚያ መካከል ሕፃን ያዘለች፣ ሌላውን በእጇ የምትጎትት፣ የዘመድ ልጅም ተጨምሮባት የምትጓዝ እናት ብዙ ነበረች። በሰው ቤት ተቀጥረው የከተማዋን ልጆች ሲያሳድጉ የነበሩ ሴቶች ናቸው በአንድ ጊዜ የራሳቸውን ልጅ የሚያሳርፉበት ጥላ ያጡት። ይህን የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ከሙቀቱ እኩል እናትን የሚያስጨንቃት የወረቀት ነገር መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። በጥር 2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ እንዲማር፣ እንዲሠራ፣ እንዲታከም መብት ይሰጠዋል። በዓሊ አዴ፣ በሆል ሆልና በኦቦክ ማርካዚ ያሉ የካምፕ ልጆች ትምህርትም ከአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል። ሕጉ ሙቀቱን አያበርደውም፤ ግን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ «መብቴ ነው» ብላ እንድትቆም ያደርጋል። ስለዚህ በክረምት ልጅ ከካምፕ ወደ ከተማ ወይም ከከተማ ወደ ካምፕ ዘመድ ጋ ሲሄድ፣ የልደት ወረቀቱና የስደተኛነት መታወቂያው ቅጂ አብሮት ይሂድ። ልጁን የሚወስደው ሰውም ማን እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ይወቅ።

ውሃና በርሜል

በሙቀት ወራት የቤቱ ጌታ ውሃ ነው። ጅቡቲ ከተማ ዝናብ እምብዛም የማይጎበኛት፣ የጉድጓድ ውሃዋም ጨው የበዛበት ከተማ ናት። በ2017 ከኢትዮጵያ ሱማሌ ክልል ከአዲጋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የውሃ መስመር ተመርቆ ትልቅ እፎይታ አምጥቷል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ይገባል። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱ ቤት በርሜልና ጀሪካን አይለየውም።

እዚህ ላይ እናቶች የሚጠነቀቁት ነገር አለ። በ2012 ጅቡቲ ውስጥ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባል አዲስ የወባ ትንኝ ተገኘ። ይሄኛው እንደ ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግ አይፈልግም። ከተማ ይወዳል፤ በርሜል ውስጥ፣ በሮቶ ውስጥ፣ በተጣለ ቆርቆሮ ውስጥ ይራባል። በ2012 በአገሪቱ ከ30 በታች የነበረው የወባ ሕመምተኛ በ2020 ከ70 ሺህ አለፈ። ያው ትንኝ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወባ ምክንያት ሆኗል። ጅቡቲ በ2024 አምቡሊ በተባለው ሰፈር ትንኙን ለመቀነስ በላቦራቶሪ የተዘጋጁ ወንድ ትንኞችን መልቀቅ ጀምራለች። የማይነክሰው ወንዱ ነውና አትደናገጡ። በካምፕ ያለነውም ብንሆን በርሜል አለን። በጥብቅ መክደን፣ ክዳን ከሌለ ጨርቅ ወጥሮ ማሰር፣ በሳምንት አንድ ቀን ደፍቶ ውስጡን ማሸት ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሰጥ ሥራም ነው።

እማማ ያዩት ነገር

አንድ ነሐሴ እኛ ቤት የሰባት ወር ሕፃን ነበረን። ትልልቆቹ ሁለት ልጆች፣ የአሥራ ሦስት ዓመት የእህት ልጅ፣ አማታችንና አንድ እንግዳ ወንድም አብረውን ነበሩ። ሕፃኑን ተቅማጥ ያዘው። እናቲቱ ሌሊት ጋግራ ቀን አጥባ ደክሟት ነበርና ልጁ ዝም ሲል ተኛ ብላ አመሰገነች። እማማ ግን ቀረብ ብለው አዩትና፣ ሲያለቅስ እንባ እንደሌለው፣ ዓይኑ ጎድጎድ እንዳለ፣ ጨርቁ ከጠዋት ጀምሮ በሽንት እንዳልራሰ ነገሩን። ጎረቤታችን የነበሩ ሱማሌ እናት ሰው ጠርተው መኪና አስቆሙልን። ወንድማችን ትልልቆቹን ልጆች ይዞ ቀረ። ሕፃኑ በዚያው ሌሊት ታክሞ ተረፈ። ያን ሌሊት ከአምስት ሰው አንዱ ቢጎድል ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን እስከ ዛሬ እናስባለን።

ስለዚህ እማማ ያወቁትን ሁሉም ይወቅ። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በሙቀትም ቢሆን የእናት ጡት ይበቃዋል። ውሃ አይሰጠውም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ውሃው ለእናቲቱ ይሰጣት። ከስድስት ወር በላይ የሆነው ሳይጠይቅም በየጊዜው ንጹሕ ውሃ ይጠጣ። ተቅማጥ ሲይዘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከጤና ጣቢያ ይወሰድ። ፓኬቱ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይቻላል። ማንኪያው ተሞልቶ አይቆለል፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል። ዚንክ ከታዘዘ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨረስ።

እንባ አልባ ለቅሶ፣ የጎደጎደ ዓይን፣ የደረቀ አፍ፣ የሽንት መጥፋት፣ መዛልና መፍዘዝ ከታየ ነገ አይባልም። ገላው እንደ እሳት ግሎ የሚቃዥ ወይም የሚንቀጠቀጥ ልጅ ከሆነ ወደ ጥላ አውጥቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ በውሃ እያረጠቡና እያራገቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሌላም አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንቲላተር ብቻውን ገላን ያሞቃል እንጂ አያበርድም። ያን ጊዜ የሚያዋጣው እርጥብ ጨርቅ ነው። ልጅን በቀትር ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ዘግቶ መሄድ ደግሞ ለአፍታም ቢሆን አይሆንም።

ሥራው ይከፋፈል

ከዚያ ነሐሴ በኋላ እኛ ቤት የተደረገው ይሄ ነው። አንድ ማታ ደጃፍ ላይ ሁሉም ተቀመጠና ሥራው በስም ተቆጠረ። ውሃ መቅዳትና በርሜል ማጠብ የወንድምና የትልቁ ልጅ ሆነ። ገበያ፣ ዝርዝሩ ከተነገረው፣ አባት ማልዶ ይሄዳል፤ ቲማቲም መምረጥ ወንድ አያቅተውም። እማማ ሕፃኑን ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይይዛሉ። ያን ጊዜ እናቲቱ ትተኛለች፣ ማንም አይቀሰቅሳትም። ከሦስት ቀን በላይ የሚቆይ እንግዳ ወንድም ሆነ ሴት አንድ ሥራ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ «እንግዳ ያሠራሉ» ተብሎ ተወርቶብን ነበር። በኋላ ግን እንግዳው ራሱ «ሳልሳቀቅ ሰነበትኩ» አለ። ሥራ የያዘ ሰው እኮ የቤቱ ሰው ነው።

ስለ ልጃገረዶች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ብዙ ቤት እናት ስትደክም ሸክሙ ወደ ታላቅ ሴት ልጅ ይወርዳል። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ፣ ዕቃ አጥባ፣ ውሃ ቀድታ ክረምቷን ትጨርስና መስከረም ላይ ደክማ ክፍል ትገባለች። ወንድሟ ያን ጊዜ ኳስ ሜዳ ነው። እሷም ልጅ ናት። ትርዳ፤ ግን ከ11 ሰዓት በኋላ ደብተሯንም ጓደኞቿንም የምታይበት ሰዓት ይኑራት። የእናቷን ድካም መውረስ የለባትም።

ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ የፍልሰታ ጾምና ቡሄ ይመጣሉ። ዝናብና ጅራፍ በሌለበት አገር ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ እናት ዳቦ ትጋግራለች፣ የሰፈሩ ሙስሊም ልጅም አብሮ ይጨፍራል። ከዚያ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ ጫማ ይከተላል። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ ሙቀቱ ገና አልለቀቀም፤ ግን ማለቁ ይታወቃል።

ውድ አንባቢያን፣ በካምፕ ያለነውም ቆርቆሮና ሸራ፣ በርሜልና ሕፃን፣ የመጣ ዘመድና የማይመለሱበት መንገድ አለን። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ በየቤታችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ቤት ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳው ማነው? ቀትር ላይስ የሚያሳርፈው ማን አለው? መልሱ አንድ ሰው ከሆነ ሥራው ሳይከፋፈል እንዳታድሩ።

ሳምንቱ የጤናና የጥላ ይሁንላችሁ። ቸር ያገናኘን!